ዜኖፎን፦ ደንባራ ፈረስ በትዕግሥት እንደሚገራ ያስተማረው የጦር መሪ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ገደማ፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘውና በዳርዳኔልስ የባሕር ወሽመጥ ዳር በተቆረቆረችው ላምፕሳኮስ ከተማ፣ አንድ የአቴንስ ሰው ፈረሱን ሸጠ። ዋጋው 50 ዳሪክ የተባለ የፋርስ የወርቅ ሳንቲም ነበር። ሻጩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን ከባቢሎን አቅራቢያ እስከ ጥቁር ባሕር ከመሩት አዛዦች አንዱ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመቻ በኋላ ግን ወደ አገሩ የሚመለስበት ስንቅ እንኳ አልነበረውም።

ፈረሱ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰለት። ለሠራዊቱ ገንዘብ ይዘው የመጡ ሁለት ወዳጆቹ፣ ሰውየው ፈረሱን አጥብቆ እንደሚወድ ሰምተው ነበር። የሸጠው ቸግሮት መሆን አለበት ብለው ስለጠረጠሩ ከእጃቸው አውጥተው መልሰው ገዙለት። ዋጋውን ልክፈላችሁ ቢላቸውም አልተቀበሉትም።

የፈረሱ ባለቤት ዜኖፎን ይባላል። የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር፣ ወታደር፣ ታሪክ ጸሐፊና ስደተኛ ነበር። ከጻፋቸው መጻሕፍት መካከል አንዲቱ አነስተኛ ድርሳን ስለ ፈረስ ግልቢያ የምታወሳ ስትሆን፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በግሪክ ቋንቋ ተጽፈው ሳይጎድሉ ለእኛ ዘመን ከደረሱት ሁሉ ቀዳሚዋ ናት። የድርሳኗ ዋና ሐሳብ ከ2300 ዓመታት በኋላም አልደበዘዘም፤ ፍርሃት በዱላ አይወጣም።

ፈረስ የስም ጌጥ በሆነበት አገር

ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ገደማ በአቴንስ ተወለደ። አባቱ ግሪሉስ ባለጸጋ ነበር። አቴንስና ስፓርታ በ431 የጀመሩት ጦርነት በ404 በአቴንስ ሽንፈት ሲቋጭ፣ ሕፃኑ ዜኖፎን ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ስለዚህም ልጅነቱም ወጣትነቱም በጦርነት ጥላ ሥር አለፈ።

በዚያ ዘመን ፈረስ ማሳደር የባለጸጎች ወግ ነው። ታላላቅ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው በሚያወጡት ስም ውስጥ እንኳ ፈረስ አይጠፋም። ፊልጶስ ማለት ፈረስ ወዳድ ማለት ነው። የሶቅራጥስ ሚስት የክሳንቲጵ ስምም ቢጫማ ፈረስን የሚያመለክት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስም መጥራት ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የዚያ ዘመን ፈረሰኛ ግን እርካብ አያውቅም፤ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮርቻም አልነበረውም። በፈረሱ ጀርባ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ወይም ያለምንም ነገር ተቀምጦ፣ በጭኖቹ ብቻ ተጣብቆ ይጋልባል። በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው ጦር ይይዛል። ፈረሱ በመለከት ድምፅ ወይም በጋሻ ብልጭታ ደንብሮ ከዘለለ ጌታውን ከመሬት ይጥለዋል፤ በውጊያ መካከል መውደቅ ደግሞ መሞት ማለት ነው። ፈረስን ማረጋጋት ለእነዚህ ሰዎች የሕይወት ጉዳይ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዜኖፎን በወጣትነቱ ሶቅራጥስን ተከተለ። ወደ 30 ዓመት በተጠጋ ጊዜ ፕሮክሴኖስ የተባለ ወዳጁ ወደ እስያ እንዲመጣና ከፋርሱ ልዑል ከታናሹ ቂሮስ ጋር እንዲተዋወቅ ጋበዘው። ወጣቱ መምህሩን አማከረ። ሶቅራጥስም በዴልፊ ወደሚገኘው የአፖሎ መቅደስ ሄዶ አምላኩን እንዲጠይቅ መከረው። ዜኖፎን ግን ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ አልጠየቀም። መንገዱ እንዲቃናለት ለየትኛው አምላክ መሥዋዕት ማቅረብ እንዳለበት ብቻ ጠይቆ ተመለሰ። ሶቅራጥስ በዚህ ቢወቅሰውም፣ ከጠየቀ ዘንድ የታዘዘውን ፈጽሞ እንዲሄድ ነገረው። መምህርና ተማሪ ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ዜኖፎን በሩቅ አገር ሳለ፣ በ399፣ አቴንስ ሶቅራጥስን በሞት ቀጣችው።

ሁለት አዛዦች፣ ሁለት መንገዶች

ታናሹ ቂሮስ ከ10 ሺህ የሚበልጡ የግሪክ ቅጥረኛ ወታደሮችን የሰበሰበው ወንድሙን ዳግማዊ አርጤክስስን ከዙፋን ለማውረድ ነበር። በ401 ከባቢሎን ብዙም በማይርቀው በኩናክሳ ውጊያ ግን ቂሮስ ራሱ ተገደለ። ግሪኮቹ ያለ ጌታና ያለ ስንቅ በጠላት አገር መካከል ቀሩ። ጥቂት ቆይቶም የፋርሱ ሹም ቲሳፈርኔስ አምስት የጦር አለቆቻቸውን ለንግግር ጠርቶ በተንኮል ያዛቸው፤ ለሞትም ዳረጋቸው።

ከሞቱት መካከል የስፓርታው ክሌአርኮስና የዜኖፎን ወዳጅ ፕሮክሴኖስ ይገኙበታል። ዜኖፎን ስለ ዘመቻው በጻፈው መጽሐፍ የሁለቱን ጠባይ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ክሌአርኮስ ፊቱ የማይፈታ፣ ቅጣቱ የከበደ ሰው ነበር። በአደጋ ጊዜ ወታደሮቹ ከእርሱ በቀር ሌላ አዛዥ አይፈልጉም፤ አደጋው ሲያልፍ ግን ይሸሹታል፤ በፍቅር የሚከተለው አንድም ሰው አልነበረም። ፕሮክሴኖስ በአንጻሩ ጨዋ ሰዎችን መምራት ይችላል፤ ተራውን ወታደር ግን ማስከበር አይሆንለትም። እንዲያውም ወታደሮቹ እርሱን ከሚፈሩት ይልቅ እርሱ እነርሱን ይፈራ ነበር።

ከአለቆቹ ሞት በኋላ ከተመረጡት አዳዲስ አዛዦች አንዱ የሆነው ዜኖፎን፣ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል የራሱን መፈለግ ነበረበት።

ፈረስ አልባው ሠራዊት

ወታደሮቹን ከሁሉ ያስጨነቃቸው የፈረሰኛ ጦር ማጣታቸው ነበር። ዜኖፎን በንግግሩ ስጋታቸውን ለማቅለል ሞከረ። 10 ሺህ ፈረሰኛ ያው 10 ሺህ ሰው መሆኑን፣ በጦር ሜዳ በፈረስ ተነክሶ ወይም ተረግጦ የሞተ እንደሌለ፣ ፈረሰኛ ጠላቱን ብቻ ሳይሆን መውደቅንም እንደሚፈራ አስረዳቸው። ፈረሰኛ ከእግረኛ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር በሰላም መሸሽ መቻሉ እንደሆነም ነገራቸው።

ንግግሩ መንፈሳቸውን አነሣሣ። ከሜዳ የገጠማቸው እውነት ግን ሌላ ነበር። የፋርስ ፈረሰኞችና ወንጫፊዎች ከኋላ እየተከተሉ ሲያቆስሏቸው፣ ዜኖፎን በእግረኛ ሊያሳድዳቸው ሞክሮ ማንንም ሳይዝ ተመለሰ። ጓዶቹ ሲወቅሱት ጥፋቱን አመነ። ከዚያም ጓዝ ከሚሸከሙት እንስሳት መካከል ለውጊያ የሚሆኑ ፈረሶች ተለይተው በአጭር ጊዜ ውስጥ 50 ፈረሰኞች ተደራጁ።

ሌላ ቀን ሠራዊቱ አንድ ኮረብታ ከጠላት ቀድሞ ለመያዝ ሽቅብ ይሮጥ ነበር። ዜኖፎን በፈረስ ሆኖ ሲያበረታታ፣ ሶቴሪዳስ የተባለ ወታደር እርሱ በፈረስ እንደሚሄድ፣ እነርሱ ግን ጋሻ ተሸክመው እንደሚደክሙ አሰምቶ አማረረ። ዜኖፎን ከፈረሱ ዘሎ ወረደ፤ ሰውየውን ከሰልፉ አውጥቶ ጋሻውን ነጠቀውና በእግሩ ጉዞ ጀመረ። የፈረሰኛ ጥሩር ለብሶ ነበርና ክብደቱ አስጨነቀው። የቀሩት ወታደሮች ግን ሶቴሪዳስን እየሰደቡና እየመቱ ጋሻውን መልሶ እንዲወስድ አስገደዱት። ዜኖፎንም ወደ ፈረሱ ተመለሰ።

በክረምት በአርመን ተራሮች ሲያልፉ በረዶው ሰውንም እንስሳንም ፈጀ። በአንድ መንደር ያረፈው ዜኖፎን የመንደሩን አለቃ በማዕድ አጠገቡ አስቀምጦ በመልካም አያያዝ ያዘው። አለቃውም በምላሹ የአገሬውን ጥበብ አካፈለው። ፈረሶች በበረዶ ላይ ሲሄዱ እግራቸው በከረጢት መጠቅለል እንዳለበት፣ አለበለዚያ እስከ ሆዳቸው እንደሚሰምጡ አስተማረው። ዜኖፎን በጉዞ የተጎዳውን ያረጀ ፈረሱን ለእርሱ ትቶ ከመንደሩ ውርንጭሎች አንዱን ወሰደ። የአርመን ፈረሶች ከፋርስ ፈረሶች በቁመት ቢያንሱም ቁጣቸው እንደሚበልጥ በመጽሐፉ አስፍሯል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው የመንደር አለቃ ለሌላው አዛዥ ለኬይሪሶፎስ መንገድ መሪ ሆኖ ተሰጠ። መንደር ሳያገኙ ሲቀሩ ኬይሪሶፎስ ተቆጥቶ መታው፤ ነገር ግን አላሰረውም። ሰውየው በሌሊት ጠፋ። በዚያ ረጅም ጉዞ ሁለቱ አዛዦች የተጣሉት በዚህ ጉዳይ ብቻ እንደነበር ዜኖፎን ጽፏል።

በመጨረሻም አንድ ቀን ከተራራ ጫፍ ላይ ታላቅ ጩኸት ተሰማ። ዜኖፎን ጠላት የመጣ መስሎት ፈረሱን ጭኖ ወደፊት ጋለበ። ሲቀርብ ወታደሮቹ የሚጮኹት ባሕሩን አይተው እንደሆነ ገባው። ጥቁር ባሕር ከፊታቸው ተዘርግቷል። በባሕሩ ዳርቻ የግሪክ ከተሞች ነበሩና፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤት የሚያደርሰው መንገድ የታወቀ ነው። አለቆችና ወታደሮች ተቃቅፈው አለቀሱ።

የስደት ዓመታት

ዜኖፎን ወደ አቴንስ አልተመለሰም። ከስፓርታ ጎን ተሰልፎ የንጉሥ አጌሲላዎስ ወዳጅ ሆነ። በ394 በኮሮኔያ ጦርነት ከንጉሡ ጋር በነበረበት ጊዜ በተቃራኒው ወገን ከተሰለፉት መካከል የገዛ አገሩ የአቴንስ ሰዎች ነበሩ። አቴንስም በስደት ቀጣችው።

ስፓርታውያን በኦሊምፒያ አቅራቢያ በስኪሉስ ርስት ሰጡት። በዚያ ከሚስቱ ከፊሌሲያና ከሁለቱ ልጆቹ ከግሪሉስና ከዲዮዶሮስ ጋር 20 ዓመት ያህል ኖረ። እያደነ፣ እያረሰ፣ ፈረስ እያሳደገና እየጻፈ ዘመኑን ገፋ። በ371 ስፓርታ በሌውክትራ ስትሸነፍ ግን ርስቱን አጣ፤ ወደ ቆሮንቶስም እንደተሰደደ ይነገራል።

የፈረስ ግልቢያ ድርሳኑን ያዘጋጀው ለወጣት ወዳጆቹ እንደሆነ በመግቢያው ላይ ገልጿል። ከእርሱ በፊት ሲሞን የተባለ አቴናዊ በዚሁ ጉዳይ ጽፎ እንደነበር ሳይሸሽግ፣ ሲሞን የዘለለውን እንደሚሞላ ያስታውቃል።

የፈረስ ፍርሃት እንዴት ይበርዳል?

ዜኖፎን ትምህርቱን የሚጀምረው ከውርንጭላው ነው። ውርንጭላው ለገሪው ከመሰጠቱ በፊት ሰውን መውደድ መልመድ አለበት። ረኃብ፣ ጥማትና የዝንብ ንክሻ ብቻውን ሲሆን እንዲያገኙት፣ ምግብ፣ ውኃና እፎይታ ግን ከሰው እጅ እንዲመጡለት ይደረጋል። ጠባቂው ውርንጭላው መዳሰስ ደስ የሚለውን ቦታ፣ በተለይም ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን የሰውነቱን ክፍል ይደባብሰዋል። ከዚያም ሰው በበዛበትና ጫጫታ ባለበት መንገድ ይመራዋል። ውርንጭላው ሲፈራ በቁጣ ሳይሆን በለሆሳስ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ያስተምረዋል።

ያደገ ፈረስ አንድን ነገር ተጠራጥሮ አልቀርብም ሲል፣ ጋላቢው ነገሩን ራሱ ነክቶ ያሳየው፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ያስጠጋው። የሚመታ ሰው ፍርሃቱን ያብሰዋል፤ ፈረሱ ሕመሙን ያመጣበት ያ የጠረጠረው ነገር ይመስለዋልና። የእኛ አገር ሰው በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ዜኖፎን ፈረስን ተቆጥቶ መቅረብን ይከለክላል። ቁጣ አርቆ አያስተውልም፤ በቁጣ የተሠራ ሥራ ብዙ ጊዜ ጸጸት ያስከትላል።

ለቁጡ ፈረስ ደግሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በፈረስ ላይ ያለው እልኽ በሰው ላይ እንዳለው ቁጣ ነው ይላል። ሰውን በክፉ ቃልም በክፉ ሥራም ያልነካው እንደማያስቆጣው ሁሉ፣ ጋላቢውም ገና ሲወጣ ፈረሱን እንዳያስከፋው ይጠንቀቅ። ከተቀመጠ በኋላ ጥቂት ጸጥ ብሎ ይቆይ፤ ከዚያም በለሰለሰ ምልክት ያስነሣው፤ በዝግታ ጀምሮ ፍጥነቱን ፈረሱ ሳያስተውለው ይጨምር። ድንገተኛ ምልክት ፈረስን ያውከዋል፤ ረጅምና ወጥ የሆነ ጉዞ ግን ያበርደዋል።

ቁጡን ፈረስ በሽምጥ አስጋልቦ በማድከም አረጋጋዋለሁ የሚል ሰው እንደተሳሳተም ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለ ፈረስ እንደ ግልፍተኛ ሰው ነው፤ በኃይል ሲገጥሙት በኃይል ይመልሳል፤ ራሱንም ጋላቢውንም ይጎዳል። መለከት ወይም ጩኸት ሲሰማም ጋላቢው መደንገጡን አያሳየው። በተቻለ መጠን ያሳርፈው፤ የሚመች ከሆነም ገፈራውን እዚያው ያቅርብለት።

ድምፅን በተመለከተ የታዘበው ደግሞ የዘመናችንን የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች ትምህርት ያስታውሳል። ፈረስን በከንፈር ድምፅ ማረጋጋት፣ በምላስ ድምፅ ማነቃቃት የተለመደ ነበር። ድምፁ ግን በራሱ ትርጉም የለውም፤ ፈረሱ ከመጀመሪያው ተቃራኒውን ቢለምድ ኖሮ ተቃራኒውን ይረዳ ነበር። የሽልማቱም ነገር እንዲሁ ነው። ፈረሱ የተፈለገውን ሲፈጽም ልጓሙ ወዲያው ይላላለት፤ ጋላቢውም ፈረሱ መልካም ከሠራበት ቦታ ላይ ይውረድለት። በግድ የተሠራ ነገር፣ በአለንጋ እየተገረፈ እንደሚጨፍር ሰው፣ ውበት የለውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ዜኖፎን የዘመኑ ሰው ነው። ባሪያዎች ነበሩት፤ በዘረፋ ዘመቻ ተካፍሏል። በድርሳኑም ውስጥ ሾጣጣ ጥርስ ያለውን ሻካራ ልጓም ጨርሶ አላወገዘም፤ ፈረሱ ሻካራውን ካወቀ በኋላ ለስላሳውን በደስታ እንደሚቀበል ይናገራል። እልኽ የበዛበትን ፈረስም ለጦርነት አለመግዛት እንደሚሻል ይመክራል። ትዕግሥት ሁሉን ይፈታል ብሎ አላታለለም። ከክሌአርኮስ ጭካኔና ከፕሮክሴኖስ ልልነት መካከል ለወታደር የፈለገውን መንገድ ለፈረስም የፈለገ ይመስላል።

የግሪሉስ ሞት

በኋለኛው ዘመን አቴንስና ስፓርታ ታረቁ። የዜኖፎን ልጆችም በአባታቸው አገር ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገቡ። በ362 በማንቲኔያ በተደረገው ጦርነት ግሪሉስ በፈረሰኞቹ ውጊያ ተገደለ።

መርዶው ሲደርሰው ዜኖፎን የአበባ ጉንጉን በራሱ ላይ ደፍቶ መሥዋዕት እያቀረበ እንደነበር ይተረካል። ጉንጉኑን አወለቀ። ልጁ በጀግንነት መውደቁን ሲሰማ መልሶ ደፋው፤ የወለደው ሟች ሰው መሆኑን እንደሚያውቅም ተናገረ ይባላል። ትረካው ከእርሱ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው። ዜኖፎን ራሱ የግሪክን ታሪክ ሲጽፍ መጽሐፉን የዘጋው በማንቲኔያ ነው። በዚያ ውጊያ መልካም ሰዎች መሞታቸውን ጠቅሶ ያልፋል፤ የልጁን ስም ግን አላነሣም።

ለወጣቶች ፈረስን ያለ ፍርሃት ወደ ጦር ሜዳ ማስገባት ያስተማረ አባት፣ የአባቱን ስም ያወረሰውን ልጅ በዚያው ሜዳ አጣ። ዜኖፎን በ354 ገደማ እንደሞተ ይገመታል።

ከእርሱ በኋላ

ዜኖፎን ሲሞት የመቄዶንያው እስክንድር ገና ሕፃን ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ፕሉታርክ እንደተረከው፣ ልጁ እስክንድር ማንም ሊጋልበው ያልቻለውን ቡኬፋሎስን ገራው። ፈረሱ የሚደነብረው የገዛ ጥላውን እያየ መሆኑን አስተውሎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው፤ እየደባበሰ አረጋግቶም ወጣበት። የፍርሃቱን ምንጭ ሳያውቁ ፈረሱን መውቀስ ከንቱ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ ነው።

የዜኖፎን ምክር ግን ሁልጊዜ አልተሰማም። በ16ኛው መቶ ዘመን ግሪሶኔ የተባለው የናፖሊ ሰው በ1550 ያሳተመው ታዋቂ የግልቢያ መጽሐፍ እልኸኛ ፈረስን በከባድ ቅጣት ማስገበርን የሚያስተምር ነበር። የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 13ኛን ግልቢያ ያስተማረው ፕሉቪኔል ደግሞ ከቅጣት ይልቅ ማባበልንና መሸለምን አስቀደመ። ሁለቱ መንገዶች እስከ ዛሬ በየጋጣው ይፎካከራሉ።

ዜኖፎን የተዋጋባቸው ነገሥታት መንግሥታት ጠፍተዋል፤ ፈረሰኛ ጦርም ከዓለም ሠራዊቶች ወጥቶ የሰልፍ ጌጥ ሆኗል። ደንባራ ፈረስ ግን ዛሬም አለ። እርሱን የሚቀርበው ሰው በመጀመሪያ የሚፈተነው በገዛ ቁጣው ነው፤ ያንን ገርቶ በዝግታ የቀረበ ሰው፣ ያ የአቴንስ ስደተኛ ለወጣት ወዳጆቹ ያሳየውን መንገድ ይዟል።